ከስክሪኑ ፊት የቆመው መስታወት

ኢንስፔክተር ጂቱ በዳዳ ስልኳ ሲጠራ ቀበና ድልድይ አጠገብ ጫማዋን እያስጠረገች ነበር። ሊስትሮው ብሩሹ ላይ የደረቀ የወንዝ ጭቃ እያራገፈ ያጉረመርማል። «ቅድም አንድ ባለ ሱፍ ሰውዬ ብሩሼን አበላሸብኝ። እንዲያ ለብሶ ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?» ጂቱ ሳቀች። አንደኛው ጫማዋ አብለጭልጯል፤ ሁለተኛው ገና ቀለም አልነካውም።

«ሰው ሞቷል፤ እርስዎ ካሉበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» አላት ሳጅን የማነ በስልኩ።

ሂሳቧን ከፍላ በአንድ የሚያበራና በአንድ አቧራማ ጫማ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘችው። ጉልበቷ ዳገት አይወድም፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን አማክራ አታውቅም። ሃምሳን ካለፈች ወዲህ ሠፈሩ ሁሉ «ጡረታሽ መቼ ነው?» ይላታል። «ሌባው ጡረታ ሲወጣ» ትላለች። መልሱ ስለተለመደ አሁን አሁን የሚስቅላት የለም፤ እሷ ግን አልተወችውም።

መኪና የማይገባበት ቀጭን መንገድ ጫፍ ላይ አንድ የቆርቆሮ በር አለ። «ቴሌቪዥን፣ ራዲዮና ጌም እንጠግናለን» ይላል። ውስጥ፣ በወርክሾፑ ወለል ላይ፣ ጠጋኙ ጋሽ ዋቅቶላ ገላና በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ፊታቸው ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። ከበላያቸው ቁም ሣጥን የሚያህል የጌም ማሽን ቆሟል፤ ያ ድሮ በየጌም ቤቱ ሳንቲም እየጎረሰ ስንቱን ተማሪ ከክፍል ያስቀረው ዓይነት። የኋላ ክዳኑ ተከፍቷል። ሆዱ ውስጥ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ ስክሪን፣ የሽቦ ጥምጥም፣ አንድ ጥቁር ኮምፒውተርና ከታች በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይታያል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የማነ። የማነ ነገሩ ግልጽ ያልሆነለት ቀን ኖሮ አያውቅም። «ኤሌክትሪክ ነው፤ ሁለቱም መዳፋቸው ተቃጥሏል። ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከዚህ ዩፒኤስ ባትሪ ነው። ዩፒኤሱን ያሰረችው ደግሞ ያቺ ናት። ይዣት ልሂድ?»

በአገጩ ያመላከታት ወጣት የቢራ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ቀብራቸዋለች።

«ቆይ፣ የትም አትሄድም» አለች ጂቱ። አጠገቧ ሄዳ እሷም ሌላ ሳጥን ገለበጠች። «ስምሽ ማነው እናቴ?»

«ጸጋ።»

«ለጋሽ ዋቅቶላ ምናቸው ነሽ?»

«አብሬያቸው ነው የምሠራው። እሳቸው የድሮውን፣ እኔ የኮምፒውተሩን።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ማሽኑ የባሮክ ነው፤ ጉርድ ሾላ ለሚከፍተው ካፌ። በሁለት መንገድ እንዲሠራለት ነው የፈለገው። ያ መቀየሪያ ወደ ግራ ሲሆን የድሮው ኦሪጅናል ቦርድ፣ ጌሙ ያለበት ሰሌዳ፣ ያጫውታል። ወደ ቀኝ ሲሆን ኮምፒውተሩ የድሮዎቹን ጌሞች እያስመሰለ ያጫውታል። ስክሪኑ ለሁለቱም አንድ ነው። ጋሽ ዋቅቶላ ‹ያንቺ ያስመስላል፣ የኔ ግን ራሱ ነው› እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።»

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«ምሳ በልቼ ስመለስ። ግንባራቸው ማሽኑ ላይ ተደግፎ፣ እጃቸው ውስጡ ነበር። ስፒናው አንገታቸው ላይ ነበር።»

«አንገታቸው ላይ?»

«ልማዳቸው ነው። ቦርድ ሊያወጡ ወይም ሽቦ ሊነካኩ ሲሉ መጀመሪያ ስፒናውን ይነቅሉና ገመዱን አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ሰው ሳያይ እንዳይሰካባቸው። ገመዱን አውልቄ ጣልኩት፣ ጎትቼ አጋደምኳቸው፣ ደረታቸውን ተጫንኩ፣ ተጫንኩ... ከዛ ነው የጮህኩት።»

«ስታወልቂው ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ከእኔና ከየማነ ሌላ ለማንም እንዳትናገሪ። ዩፒኤሱስ?»

ጸጋ እጆቿን አውጥታ የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ አየቻቸው። «ባትሪው ሞቷል። አዲስ እስክገዛ ቦታውን ልለካ ብዬ ነው ያሰርኩት። ሞቷል ብዬ ነበር... ግን ትንሽ ቀርቶበት ቢሆንስ? ኢንስፔክተር፣ እኔ ገድያቸው ቢሆንስ?»

ጂቱ ሳታውቅ አታጽናናም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ልበ ደረቅ ናት ይላታል።

ተነስታ ማሽኑን ዞረችው። መቀየሪያው ወደ ግራ ነው፣ ወደ ቦርዱ። ቦርዱ የሚታሰርበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ። የሟቹን ልብስ አየች። የሱሪያቸው የግራ ኪስ ገበር ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«ተበርብረዋል ማለት ነው» አለ የማነ ከጀርባዋ። «ሌባም ሊሆን ይችላል።»

«አሁን ዩፒኤስ ነው አላልክም?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል።»

የቀኝ ኪሳቸው ውስጥ ቦርሳቸው እንዳለ ነበር። የማነ ቦርሳውን አገላብጦ አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

ጂቱ ወደ ማሽኑ ፊት መጣች። ከስክሪኑ ትይዩ አንድ ወንበር ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ ትልቅ መስታወት ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብሎ ተደግፏል። ጂቱ መስታወቱ ውስጥ አንዱ የተጠረገ፣ ሌላው የቆሸሸ ሁለት ጫማዎቿን አየች። ጫማዎቿን ግን ወዲያው ረሳቻቸው፤ መስታወቱን ማየት አልተወችም።

*

አቶ አዱኛ የመጡት ከልጃቸው ከባሮክ ጋር ነው። ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል። በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሠፈር ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ አቧራማ ዳገት ወጥተውም ጫማቸው ያብለጨልጫል። ጂቱ ቀናች።

«ልጄ» አሏት። ልጃቸው ሃምሳ አልፏታል። «ዋቅቶላ ወንድሜ ነበር። ጌም ቤት በነበረኝ ጊዜ ማሽኖቼን የሚጠግነው እሱ ነው። እንዲያ ያለ ጥንቁቅ ሰው! ስፒናውን አንገቱ ላይ አድርጎ እንኳ አልዳነም። እነዚህ ልጆች በየቦታው የሚሸጉጡት ባትሪ ጨረሰው።» ጸጋን ሳያዩ ነው የተናገሩት፤ ጸጋ ግን ሰማች፤ ትከሻዋ ወረደ።

«ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«የት አግኝቼው! ጠዋት ሙሉ አያት ሠፈር መጋዘኔ ነበርኩ። ባሮክ ሲደውልልኝ ነው የበረርኩት።»

«ልጅዎ ማሽን እንደሚያሠራ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ይበቃሃል፣ የድሮ ቆሻሻ አታግበስብስ አልኩት። መቼ ይሰማል?»

ባሮክ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ስልኩን እየከፈተ ይዘጋል። ከሠላሳ ብዙም አይርቅም።

«ሲሪየስሊ ኢንስፔክተር፣ ምንም አልገባኝም። ካወቅኳቸው ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ሣጥኑን ባዶውን ነው የገዛሁት። ቦርዱን ከአባዬ አሮጌ ዕቃ መሃል አገኘሁት። ድሮ ጌም ቤት ነበረው አይደል? በምርቃቱ ቀን በቦርዱ ሰርፕራይዝ ላደርገው ብዬ ነው። ቦርዱን ትናንት ነው ለጋሽ ዋቅቶላ ያመጣሁላቸው።»

«ሲቀበሉህ ምን አሉ?»

«ምንም። ደጋግመው አገላብጠው አዩት። ከየት አመጣኸው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ከዛ ሂድ አሉኝ። እንደዛ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።»

«ሲሠሩስ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«ኖ። ሥራ ላይ ሰው አይወዱም፤ በር ላይ ነው የምንነጋገረው።»

«ቦርዱ አሁን የት ነው?»

«ውስጡ ነዋ!» ወደ በሩ ሄዶ አንገቱን አሰግጎ አየ። ሲመለስ ፊቱ ነጥቶ ነበር። «የታል?»

*

የሟቹ ባለቤት እትዬ የሺሃረግ እግራቸው ከታመመ ወዲህ ከአልጋ የሚነሱት በሰው ድጋፍ ነው። ጂቱ መጀመሪያ በኦሮምኛ አጽናናቻቸው፤ አብረው ትንሽ አለቀሱ። አዎ፣ ጂቱ ታለቅሳለች፤ ለማንም አይነገር እንጂ።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ አልጋዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ» አሉ እትዬ የሺሃረግ። «‹ያ ቀይ የጥፍር ቀለምሽ አለ?› አለኝ። እኔን፣ በዚህ ዕድሜዬ! ድሮ እየሰረቀ ለሥራው ያደርገው ነበር። የጠገነው ቦርድ ብሎን ላይ ሁሉ ቀይ ነጥብ ያሳርፋል፤ ሌላ ሰው ከነካካው እንዲያውቅ። ‹ምን አስታወሰህ?› ብለው ስለ ቀነኒሳ ጠየቀኝ።»

«ቀነኒሳ ማነው?»

«ታናሽ ወንድሜ። የአዱኛ ጌም ቤት ዘበኛ ነበር፣ ጉርድ ሾላ። ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ።» ጋቢውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አንድም ዕቃ አልተረፈም ተባልን። አንድም። እሱንም በጫማው ነው የለየነው።»

ጂቱ ሳታስበው የገዛ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ደበቀች።

«ከዚያ ባለቤትዎ ምን አደረጉ?»

«ስልክ ልደውል ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወርክሾፑ ውስጥ ያለው መስታወት የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! የቁም ሣጥኔ ነው። ቴሌቪዥን በከፈተ ቁጥር ይወስደዋል። መልስ፣ አልመልስ ስንል ነው ዕድሜያችን ያለቀው።» ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም።

ጂቱ ወጥታ የማነን ጠራችው። «ድልድዩ ጋ ውረድ። ሁለት ሰው ይዘህ የወንዙን ዳር ፈትሽ። ትልቅ መጽሐፍ የሚያህል፣ ሽቦ የበዛበት አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ደግሞ ሊስትሮውን ቅድም ጭቃ ጫማ የጠረገለት ሰው ምን እንደሚመስል ጠይቀው።»

«ዩፒኤሱስ?»

«ዩፒኤሱን ከፍተህ ባትሪውን ለባለሙያ አሳይልኝ። እሱም ግልጽ ይሁንልህ።»

*

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ነበሩ። እትዬ የሺሃረግ ወንበር ላይ ተደግፈው፣ አቶ አዱኛ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ባሮክ በሩ ሥር ቆሞ። ሬሳው ተወስዷል፤ ቦታው ግን ማንም ሳይረግጠው ባዶውን ቀረ።

«ጸጋ፣ ከማሽኑ ኋላ ቁሚልኝ» አለች ጂቱ። «የሥዕሉ ማስተካከያ የት ነው?»

«ከኋላ። እዚህ ውስጥ።»

«ሥዕሉ የሚታየው ግን ከፊት ነው። ታዲያ እዚያ ቆመሽ እንዴት ታይዋለሽ?»

«በመስታወት። ከፊት መስታወት እናቆምና በጎን ብቅ ብለን...»

«መስታወቱ ውስጥ ሥዕል እንዲታይ ማሽኑ ምን መሆን አለበት?»

ጸጋ አፏን ከፈተች። ከዚያ እጇ ወደ አፏ ሄደ። «መብራት አለበት። መብራት ሊኖረው ይገባል።»

«አዎ። መስታወቱ ከቆመ ማሽኑ በርቷል። ማሽኑ ከበራ ስፒናው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። አንገት ላይ የተጠመጠመ ስፒናና ሥዕል የሚያሳይ መስታወት ባንድ ላይ አይሆኑም። አንዱ ሐሰት ነው። ጋሽ ዋቅቶላ ማሽኑ በርቶ ሲሠሩ ግራ እጃቸውን የት ነበር የሚያደርጉት?»

«ኪሳቸው ውስጥ። ‹በርቶ ከሆነ አንድ እጅ ብቻ፣ ኤሌክትሪክ በደረትሽ አቋርጦ መውጫ እንዳያገኝ› ይሉኝ ነበር።»

«የግራ ኪሳቸው ገበር ተገልብጦ ነበር። ሌባ ቢሆን ቦርሳቸውን አይተውም። ያ እጅ ከኪስ የወጣው በድንጋጤ ነው። ከኋላው የተገፋ ሰው እንዳይወድቅ ሁለቱንም እጁን ይዘረጋል። ሁለቱም መዳፍ የተቃጠለው ለዚህ ነው።»

እትዬ የሺሃረግ ቃተቱ።

«ዩፒኤሱ ደግሞ ተከፍቶ ታየ። ባትሪው ሞቶ አብጧል፤ የባትሪ አምፖል እንኳ አያበራም። ጸጋ፣ ያሰርሽው ባዶ ሣጥን ነው። ሰምተሽኛል? ባዶ ሣጥን።»

ጸጋ ማሽኑን ተደግፋ ቀስ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ጂቱ ወደ ሌሎቹ ተመለሰች።

«የገፋው ሰው ስፒናውን ለምን ነቀለ? እንደተሰካ ቢተወው ‹ሽማግሌ ነው፣ ተሳሳተ› ተብሎ ይቀበር ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ውስጥ የሚፈልገው ዕቃ ነበር፤ ኦሪጅናሉ ቦርድ። እንደበራ እጁን ማስገባት ፈራ። ነቅሎ ቦርዱን አወጣ። መልሶ ለመሰካት ደግሞ ድፍረት አጣ። ከታች ዩፒኤሱን ሲያይ ሐሳብ መጣለት፤ ስፒናውን አንገታቸው ላይ ጠመጠመውና ጥፋቱን ለሣጥኑና ለጸጋ ሰጠ። ባትሪው መሞቱን አያውቅም። የመስታወቱንም ነገር አያውቅም። ጸጋ ብትሆን ሁለቱንም ታውቃለች። እትዬ የሺሃረግ ብቻቸውን አይነሱም። ባሮክ ሥራ ላይ አይቷቸው ስለማያውቅ የስፒናውን ልማድ ከየት ያመጣዋል? የቀረው ጌም ቤት ውስጥ ስፒና አንገታቸው ላይ አድርገው ቦርድ ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ ያየ፣ ስክሪን ሲያስተካክሉ ግን አጠገባቸው ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።»

ዞር አለች። «አቶ አዱኛ፣ ስፒናው አንገታቸው ላይ እንደነበረ ማን ነገርዎት?»

«ሰው... ሰው ሁሉ ሲያወራ...»

«ጎረቤት ሲደርስ ስፒናው መሬት ላይ ነበር። ያወለቀችው ጸጋ፣ የነገረችን ለእኔና ለየማነ። ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ ያጠለቀው ብቻ ነው።»

የማነ በሩን ገፍቶ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። በእጁ ውኃ የሚያንጠባጥብ ፌስታል ይዟል። «ከድልድዩ በታች፣ ቆሻሻው መሃል» አለ። «ሊስትሮውም ግራጫ ሱፍ ነው ብሏል።» ለመጀመሪያ ጊዜ «ግልጽ ነው» አላለም።

ጂቱ ቦርዱን አውጥታ እትዬ የሺሃረግ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ብሎኖቹ ላይ፣ በጭቃው መሃል፣ ቀያይ ነጥቦች ይታያሉ። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው አንዱን ጠረጉት።

«ቀለሜ ነው» አሉ። ቀና አሉ። «አዱኛ፣ አንድም ዕቃ አልተረፈም አላልከኝም?»

አቶ አዱኛ ሊነሱ ቃጥተው መልሰው ተቀመጡ።

«አባዬ» አለ ባሮክ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «እኔ እኮ ካንተ መጋዘን ነው ያመጣሁት። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

አቶ አዱኛ ባርኔጣቸውን ጨመቁት። ልጃቸውን ብቻ እያዩ ተናገሩ። «ጌም ቤቱን ሳቃጥለው የመድን ካሳ ነበር ሐሳቤ። ቦርዶቹን አወጣሁ፣ ሣጥኖቹን ተውኩ። ቀነኒሳ መዝሙር ልምምድ ሄዷል ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሄዷል ብዬ ነበር! ዛሬ ዋቅቶላ ደወለልኝ። ስመጣ ማሽኑን እያስተካከለ ነበር። ‹እስኪ ይሄ የድሮ ወዳጃችን እንዴት እንደሚሠራ እይ፤ ከዚያ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን› አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን እንደሰጠኝ ‹አብሬህ እገባለሁ፣ ብቻህን አትገባም› አለኝ። ያኔ ነው... ፊቴን እንኳ አላየም።»

«አይተዋል» አለች ጂቱ።

አቶ አዱኛ አልገባቸውም።

«መስታወቱ ከፊታቸው ነበር። ሲቀርቧቸው አይተውዎታል። አይተውም አልዞሩም።»

አቶ አዱኛ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ የማነ ክንዳቸውን ይዞ እስኪያስነሳቸው ድረስ ዓይናቸውን ከዚያ አላነሱም።

*

ባሮክ ካፌውን አልከፈተም። ማሽኑንም ሊወስድ አልመጣም፤ «ይቅር፣ እዚያው ይሁን» ብሎ ለጸጋ ላከባት። ቦርዱ በማስረጃነት ተይዟል።

አንድ ጠዋት ጂቱ ዳገቱን ወጥታ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ጉልበቷ ሰደባት። ሁለቱም ጫማዎቿ ተጠርገው ነበር፤ ያስተዋለላት ግን የለም። ወርክሾፑ ውስጥ የኋላ ክዳኑ ተከፍቷል፣ መቀየሪያው ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ስክሪኑ ላይ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። እትዬ የሺሃረግ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የቁም ሣጥን መስታወታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ትንሽ ወደ ግራ እትዬ። አሁን አያንቀሳቅሱት።»

«እጄ ዛለ እኮ! ዛሬስ ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

«ይመለሳል» አለች ጸጋ ከኋላ፤ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። በቀኝ እጇ ካቻቪቴውን ቀስ አድርጋ ስታዞር ሥዕሉ ረጋ።

ግራ እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር።